384 ሰው ስለ ጋይንት ምን ይነግረናል?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተከማቹትን የማርኬቲንግ፣ የማኔጅመንትና የጤና መመረቂያ ጽሑፎች ሦስተኛ ምዕራፍ እየገለጠ የሚያነብ ሰው ቶሎ የሚታዘበው ነገር አለ። የጥናቱ ቦታ ሐዋሳም ይሁን ደብረ ታቦር፣ ጉዳዩ የቢራ ደንበኞች እርካታም ይሁን የነፍሰ ጡሮች ክትትል፣ የተጠያቂዎቹ ብዛት ከጥቂት ቁጥሮች አይወጣም፤ 384፣ 385፣ 399፣ 422፣ 845። አማካሪው አይጠይቅም፣ ፈታኙም አይገረምም። ቁጥሩ ከተማሪው ቀድሞ የተመረቀ ይመስላል።

አመጣጡ ምሥጢር የለውም። ዊልያም ኮክራን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው የናሙና አወሳሰድ መጽሐፍ የታወቀ ቀመር አለ። “95 ከመቶ እርግጠኛ ልሁን” ያለ አጥኚ 1.96ን ይይዛል። “ስሕተቴ ከ5 ከመቶ አይብለጥ” ካለ 0.05ን ይይዛል። የሚፈልገው መልስ በሕዝቡ ዘንድ ምን ያህል እንደሚገኝ አስቀድሞ ካላወቀ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ነው ብሎ 0.5 ይወስዳል፤ የመልሶች መለያየት የሚከፋው እዚያ ላይ ነውና ለጥንቃቄ ይበጃል። ይህ ተባዝቶ ሲካፈል 384.16 ይወጣል። ነጥብ አሥራ ስድስቷን የጣለ 384፣ ወደ ላይ ያነሣት 385 ይላል። “የማይመልስ አይጠፋም” ተብሎ 10 ከመቶ ሲጨመርበት 422 ይሆናል። የጤና ተማሪዎች መጀመሪያ በሁለት ያባዙትና 10 ከመቶ ጨምረው 845 ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 ክሬይሲና ሞርጋን ያወጡት ሠንጠረዥም ሚሊዮን ሕዝብ ላይ ሲደርስ ያው 384 ላይ ይቆማል።

399ን የወለደው የታሮ ያማኔ ቀመር ነው። አጭር ስለሆነ ተማሪው ይወደዋል፤ የሕዝቡን ብዛት ይሰጡታል፣ የናሙናውን ብዛት ይመልሳል። ለ2,000 አባወራ 333፣ ለ50,000 አባወራ 397፣ ለ2 ሚሊዮን ሕዝብ 400። ይህ ለብዙ ነጋዴ አይዋጥለትም። “ለአንድ ቀበሌ 333 ከጠየቅን ለዞኑ ሁሉ እንዴት 400 ይበቃል?” ይላል፤ ጥርጣሬውም ከንቱ አይደለም። ሒሳቡ ግን ትክክል ነው። ሕዝቡ ከተወሰነ መጠን ካለፈ በኋላ ብዛቱ በናሙናው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። ለውጥ የሚያመጣው የሕዝቡ መለያየትና የሚለካው ነገር ዓይነት ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ነው፤ የእኛ አጥኚዎች አብዛኛውን ጊዜ ብዛቱን ይዘው ይነሡና መለያየቱንና የሚለካውን ነገር ለመጨረሻ ያቆዩታል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይረሱታል።

ነገሩን ወደ መሬት እናውርደው። አንድ የሶላር መብራት አከፋፋይ ወደ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ዕቃውን ማስገባት አስቧል እንበል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከተማ ውስጥ ከሚኖሩ አባወራዎች 93 ከመቶ፣ ገጠር ከሚኖሩት ግን 8 ከመቶ ብቻ መብራት እንዳላቸው መዝግቧል። እነዚህ ወረዳዎች ያሉበት ደቡብ ጎንደር ደግሞ በ1999ኙ ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የተቆጠረበት፣ የከተማ ነዋሪው ከመቶ አሥር ያልሞላ ዞን ነው። ስለዚህ ገበያ አለ። ጥያቄው ማን፣ የት፣ በስንት ብር ይገዛል ነው።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጉና ተራራን ጥግ ይዞ በክምር ድንጋይ አድርጎ ነፋስ መውጫ የሚገባ ሰው ደጋውን ያየዋል፤ ገብስ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ በግ፣ ጋቢ የማያስጥል ብርድ። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ታች ጋይንትና ስማዳ ሲወረድ ጤፉ ይመጣል፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲዘለቅ ደግሞ ማሽላና ፍየል፣ ዝናብ የሚያጥረው ቆላ። ነፋስ መውጫ መኪና መንገድ ላይ ናት። ቆላ ያለው ገበሬ ግን ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግሩ ሊሄድ ይችላል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ “የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ገጠር ነዋሪ” ተብለው ይጠቃለላሉ።

የኮክራን ቀመር አንድ ያልተነገረ ቃል ኪዳን አለበት፤ ከሕዝቡ መካከል እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድሉ እኩል ይሁን፣ የአንዱ መመረጥም ለሌላው መንገድ አይክፈት። ይህ እንዲሆን የሁሉም ስም ያለበት መዝገብ መኖር አለበት፤ ከመዝገቡም ዕጣ ወጥቶ አንዱን ከጉና ሥር፣ ሁለተኛውን ከበሽሎ ዳር፣ ሦስተኛውን ከእስቴ መካነ ኢየሱስ አጠገብ መፈለግ ይመጣል። ማንም እንዲህ አያደርግም፤ አበሉና የመኪና ኪራዩ አይፈቅድም። የሚደረገው ጥቂት መንደሮች መርጦ በየመንደሩ ብዙ ቤት ማንኳኳት ነው። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤትም ራሱ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2008ቱ ጥናት ከ84,915 የቆጠራ ቦታዎች መዝገብ 645 መርጦ በእያንዳንዱ 28 ቤት ነው የያዘው፤ በመጨረሻ 16,650 አባወራ ቃሉን ሰጥቷል። አንድ የቆጠራ ቦታ በአማካይ 181 አባወራ የሚገኝበት መንደር ማለት ነው።

የአንድ መንደር ሰዎች ግን ይመሳሰላሉ። ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፣ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ፣ ከአንድ ሱቅ ይገዛሉ። ስለዚህ ከአንድ መንደር የተጠየቀው ሃያ ስምንተኛ ሰው ከፊተኞቹ ያልሰማነውን ብዙም አይነግረንም። ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚለካ ቁጥር አለ፤ ከዜሮ እስከ አንድ ይሄዳል። 0.05 ነው እንበል። በ14 መንደር 28፣ 28 ሰው ጠይቀን 392 መጠይቅ ሞላን። ከ28ቱ አንድ ቀንሰን በ0.05 ስናባዛና አንድ ስንጨምርበት የመመሳሰሉ ዋጋ 2.35 ይሆናል፤ 392ቱን ለ2.35 ስናካፍለው 167 ይቀራል። አጥኚው 392 ሰው ጠይቄአለሁ ብሎ ይጽፋል፣ ያገኘው መረጃ ግን በዕጣ ተለይተው የተመረጡ 167 ሰዎች ከሚሰጡት አይበልጥም።

ይህም ጥሩ ሲሆን ነው። አከፋፋያችን “የትኛውን ዓይነት መብራት ትጠቀማለህ?” ብሎ ቢጠይቅ የመንደሩ ሰው መልስ አንድ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ሱቁ ያመጣው እሱን ብቻ ነዋ! እንዲህ ላለው ጥያቄ የመመሳሰሉ ቁጥር 0.2 ቢሆን 392ቱ መጠይቅ ወደ 61 ያሽቆለቁላል። “በቤትህ ስንት ሰው ይኖራል?” ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት ያን ያህል ስለማይመሳሰል ያው ናሙና ብዙም አይጎዳም። አንድ መጠይቅ፣ አንድ ናሙና፣ እንደየጥያቄው የተለያየ አቅም። በሁለት ማባዛትን እንደ ጸበል የሚረጩት ተማሪዎች ቢያንስ ችግሩ መኖሩን ሰምተዋል ማለት ነው፤ የማርኬቲንጎቹ ግን አብዛኞቹ እሱንም አልሰሙም።

ስለ መዝገቡም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የ2008ቱ ጥናት የተጠቀመበት የቆጠራ ቦታዎች መዝገብ ሥሩ የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሟል። የ1999ኙም ቢሆን በተለይ በአማራ ክልል ሳያነጋግር አላለፈም፤ የክልሉ ሕዝብ ከተጠበቀው 2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ መገኘቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር ጥያቄ አስነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተወለደው፣ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የፈለሰው፣ ወደ ዓረብ አገር የሄደው ቀላል አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ መጥቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የአንድን ወረዳ ሕዝብ ያማኔ ቀመር ውስጥ አስገብቶ “396 ሆነ” ማለት ከቀመሩ የወጣው አኃዝ ወደ ቀመሩ ከገባው የበለጠ ጠንቃቃ ነው እንደማለት ነው።

“በስልክ ብንጠይቅስ?” የሚል አይጠፋም። ተሞክሯል። ኮቪድ እንደገባ በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ የዓለም ባንክ ቀደም ሲል በአካል ከተጠየቁ ቤተሰቦች መካከል ስልክ ያላቸውን እየደወለ 3,249 አባወራ አነጋግሯል። ከእነሱ ውስጥ የገጠሩ አንድ ሺህ አይሞሉም፤ አብዛኛው ሕዝባችን ግን ገጠር ነው። ባንኩ ይህን አውቆ ውጤቱን በክብደት አስተካክሏል፣ ገደቡንም ጽፏል። ይህን ማድረግ የቻለው አስቀድሞ በአካል የተሠራ ጥናት ስለነበረው ነው፤ ስልክ የሌለው ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃል። ከአንድ ድርጅት የደንበኞች ዝርዝር ስልክ ቁጥር ወስዶ የሚደውል ነጋዴ ግን የሚያስተካክልበት ነገር የለውም። አሜሪካ ውስጥ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ለ10 ሚሊዮን ሰው የምርጫ ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ የፕሬዚዳንት ምርጫውን ላንደን ያሸንፋል ብሎ ነበር፤ ሩዝቬልት ወደ 61 ከመቶ ድምፅ አምጥቶ አሸነፈ። ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ የተለቀመ ስም፣ በዚያ የድህነት ዘመን፣ ማንን እንደሚያመጣ ግልጽ ነው። በዚያው ምርጫ የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጋሉፕ በ50,000 ያህል ሰው አሸናፊውን ለይቷል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ብዛት ነው። የእኔ ሥጋት ግን ይበልጡን ከመጠይቁ ውስጥ ነው። ተለዋዋጭ የሚሏቸው ነገሮች፣ ማለትም ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ገቢ፣ እርካታ፣ በአብዛኛው ከሌላ ጽሑፍ ተገልብጠው ነው የሚገቡት። ጋይንት ላይ ሲወርዱ ይሰበራሉ።

ትምህርትን እንውሰድ። መጠይቁ ላይ “የትምህርት ደረጃ” ተብሎ ያልተማረ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ከ1 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 8፣ እያለ እስከ ዲግሪ ይወጣል። ጋይንት ግን ቤተ ልሔም ያለችበት አገር ነው። ቤተ ልሔም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዘንድ የድጓ ምስክር ናት፤ ዜማውን የትም ይማር የት፣ የድጓ መምህር ለመባል የሚሻ ሰው እዚያ ገብቶ አስመስክሮ ይወጣል። በዜማውም ከቆማና ከአጫብር ስልቶች ጋር የምትነሣ፣ የራሷ መንገድ ያላት ናት። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ጾመ ድጓ፣ ድጓ፣ ቅኔ እያለ የልጅነቱንና የወጣትነቱን ዕድሜ በጉባኤ ቤት የጨረሰ አንድ መሪጌታ መጠይቁ ፊት ሲቀርብ መረጃ ሰብሳቢው ሳጥን ይፈልግለታል። ያለው “ማንበብና መጻፍ የሚችል” ነው፤ በበጋ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስሙን መጻፍ ከተማረ ጎረቤቱ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ገቡ። የቆጠራው ቅጽ “መደበኛ ያልሆነ ትምህርት” የሚል መውጫ አለው፤ እሱም ቢሆን ሁለቱን አይለይም። ኮምፒዩተሩ መጨረሻ ላይ “ትምህርት በመግዛት ውሳኔ ላይ ተፅዕኖ የለውም” ቢል ማን ይፈርድበታል? መንደሩ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ምክር የሚጠይቀው መሪጌታውን መሆኑን ግን ቅጹ አልጠየቀም።

የአብነት ተማሪዎቹ ነገርም አለ። በየደብሩ ዙሪያ በጎጆ የሚኖሩት፣ ቁራሽ ለምነው የሚማሩት ወጣቶች የማን ቤተሰብ ናቸው? ጥናቶች ቤተሰብን የሚተረጉሙት በአንድ ማዕድ በመቁረስ ነው። ተማሪው ከጓደኛው ጋር ይቆርሳል፣ መደበኛ ነዋሪነቱ ግን ከትውልድ ቀዬው ተሰርዟል፣ እዚህም አልተጻፈም። የቤት ለቤት ጥናት ባብዛኛው እሱን ዘልሎ ያልፋል። ማታ ማታ ቀለም የሚያጠናው፣ መብራት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። አከፋፋያችን በዚህ ምክንያት ብቻ ከዋና ገዢዎቹ አንዱን ሳያየው ሊቀር ይችላል። እርግጥ ኪሱ ባዶ ነው ይባል ይሆናል፤ ለደብር ተማሪ ገዝቶ የሚሰጥ ዘመድና ምእመን ግን ሞልቷል፤ ገዢና ተጠቃሚ ሁለት ሰው የሚሆኑበት አንዱ ቦታ ይኸው ነው።

በቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። መጠይቁ አባወራውን ይፈልጋል። ሳሙና፣ ቡናና ጨው የምትገዛው እማወራዋ ናት፤ የስልክ ካርዱን የሚሞላው ልጁ ነው፤ ማዳበሪያውንና በሬውን አባወራው። አባወራው ስለ ሳሙና ሲጠየቅ “አላውቅም” ማለት ነውር ይሆንበትና ይገምታል። ግምቱም በቁጥር ተጽፎ ይገባል። ስለዚህ በመጠይቁ ፊት “መላሹ ማን ነው?” የሚለው ራሱ እንደ ተለዋዋጭ ሊጻፍ ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ።

ገቢ ከሁሉም ይብሳል። “ወርሃዊ ገቢዎ ስንት ነው?” የደመወዝተኛ ጥያቄ ነው። ገበሬው እህሉን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሸጣል፣ በግ ለፋሲካ ያወጣል፣ ክረምቱን ይበደራል። መሬቱን በጥማድ፣ እህሉን በቁናና በጣሳ ይናገራል። ጥማድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው፤ እንደ አፈሩና እንደ በሬው ይሰፋል ይጠብባል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናቱ ለእነዚህ ባህላዊ መለኪያዎች የመቀየሪያ ሠንጠረዥ እስከማዘጋጀት የደረሰው ወዶ አይደለም። በዚያ ላይ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ችግረኛውን እየለየ የሚረዳው ሴፍቲኔት ያለባቸው ወረዳዎች ናቸው። ወረቀት ይዞ “ስንት በሬ አለህ?” የሚል እንግዳ ሲመጣ ጥያቄው ስለ መብራት ገበያ መሆኑን ማን ያምናል? በሬው ይቀንሳል፣ የቤተሰቡ ቁጥር ይጨምራል። ይህ ስሕተት ናሙና በማብዛት አይጠራም፤ 4,000 ሰው ብንጠይቅ ያው በሬ 4,000 ጊዜ ይደበቃል።

እርካታን በተመለከተ፣ መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

“እማማ፣ በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል? በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ መካከለኛ፣ አልረካሁም፣ ጭራሽ አልረካሁም?”

“ተመስገን ነው ልጄ፣ ምን ይባላል።”

የቱ ሳጥን ነው? ልጁ ፀሐይ መትቶታል፣ ገና ስምንት ቤት ይቀረዋል፣ “ረክቻለሁ” ላይ ምልክት ያደርጋል። ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያቀረበው ይህ ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ መላሹ ለማያውቀው ሰው ያለ ይሉኝታ እንደሚናገር ታሳቢ ያደርጋል። እኛ ዘንድ እንግዳን ማሳዘን ነውር ነው፣ አምላክን ማማረርም ኀጢአት ነው። በዚህ ላይ መመረቂያ ጽሑፉ “አማካይ 3.74 ስለሆነ ደንበኞች ረክተዋል” ይላል። ስታንሊ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1946 መለኪያዎችን በአራት ሲከፍል ያሳሰበው ይህንኑ ነበር፤ ስም ብቻ የሚሰጡ አሉ፣ ደረጃ የሚያሳዩ አሉ፣ እኩል ርቀት ያላቸው አሉ፣ እውነተኛ ዜሮ ያላቸው አሉ። ደረጃ ከሚያሳየው ላይ አማካይ መሥራት ይቻል አይቻል እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እኔ ቢያንስ ስንት ሰው የቱን እንደመረጠ አብሮ ይጻፍ ከሚሉት ወገን ነኝ። ይልቅ “ባለፈው ጊዜ ሲበላሽ ምን አደረጉ?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሰው ስለ ስሜቱ ቢሸፋፍን ስላደረገው ነገር ይናገራል።

ጊዜውም መገለጽ አለበት። “ባለፉት 30 ቀናት” ከማለት “ካለፈው ማርያም ወዲህ” ማለት ትክክለኛ መልስ ያመጣል፤ ሃያ አንድን የማያውቅ የለም። ዕድሜም ቢሆን በዓመት ሲጠየቅ አርባና ሃምሳ ላይ ይከመራል፣ ከታወቀ ክስተት ጋር አያይዞ ሲጠየቅ ግን ይበታተናል። ቅቤና እንቁላል የሚሸጥ ድርጅት ጥናቱን በዐቢይ ጾም ቢሠራ ገበያ የለም ይባላል፤ ፋሲካ ማግስት ቢሠራ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ይመስለዋል። የመንግሥት የፍጆታና ወጪ ጥናት ከሐምሌ 2002 እስከ ሰኔ 2003 ዓ.ም. ዓመቱን ሙሉ ከ27 ሺህ በላይ አባወራ ዘንድ የተሠራው ለዚህ ነው። ነጋዴ ይህን ያህል አቅም የለውም፤ ግን ቢያንስ ሁለት ወቅት መምረጥና የተጠየቀበትን ቀን መጻፍ አያቅተውም።

ተለዋዋጩ እንዲህ ተለይቶ ሲታወቅ የናሙናው ብዛት ራሱ ይለወጣል። አከፋፋዩ “ከአሥር ሰው አንዱ ይገዛኛል” ብሎ ከገመተና ስሕተቱ 5 ከመቶ ይሁን ካለ 139 ሰው ይበቃዋል። ግን ምን ያገኛል? ከ5 እስከ 15 ከመቶ። አምስትና አሥራ አምስት ማለት አንድ መኪና ዕቃና ሦስት መኪና ዕቃ ማለት ነው። ስሕተቱን ወደ 2 ከመቶ ካወረደው 865 ሰው ያስፈልገዋል። የሚፈልገው “በዓመት ለመብራት ስንት ብር ያወጣሉ?” የሚለውን ከሆነ ደግሞ 384 ምንም ግንኙነት የለውም። ሰዎች በወጪያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ ማወቅ አለበት፤ ከአማካዩ የሚኖራቸው የተለመደ ርቀት 900 ብር ቢሆንና እሱ 50 ብር ብቻ መሳሳት ቢፈልግ 1,245 ሰው ይወጣለታል። ያን 900 ብር የሚያገኘው ከሌላ ሰው መጽሐፍ ሳይሆን ራሱ አስቀድሞ ከሚሠራው ትንሽ ሙከራ ነው። ደጋውንና ቆላውን ማወዳደር ከፈለገም፣ በአንዱ 40 ከመቶ፣ በሌላው 50 ከመቶ ቢገዙ ይህን ልዩነት ለመያዝ ከእያንዳንዱ ወገን 390 ያህል ሰው ያስፈልጋል። ይህም የመንደር መመሳሰሉ ሳይታሰብ ነው።

ትልልቆቹም የሚለካውን ነገር ከመሳት አያመልጡም። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1985 ጣዕሙን ከመለወጡ በፊት ወደ 200 ሺህ ሰው አስቀምሷል። የተለካው ነገር ጣዕም ነበር፣ ሰዎቹም አዲሱን መረጡ። “አሮጌውን ብንወስድባችሁስ?” የሚለው ጉዳይ በቅጡ አልተለካም። ሦስት ወር ሳይሞላ አሮጌው ተመለሰ።

ወደ ጋይንቱ አከፋፋይ እንመለስና፣ 400 መጠይቅ የሚያስሞላ ገንዘብ አለው እንበል። የተለመደው መንገድ መኪና መንገድ የሚያገኛቸውን 14 መንደሮች ይዞ በየመንደሩ 28 ቤት መጠየቅ ነው። ሌላው መንገድ 40 መንደር መርጦ በየመንደሩ 10 ቤት ብቻ መጠየቅ ነው። ከላይ በያዝነው 0.05 መመሳሰል ሁለተኛው 276 ሰው ያህል ይሆንለታል፣ የመጀመሪያው 167 ነበር። በ0.2 ደግሞ 143 ለ61። የጠያቂዎቹ አበል፣ የበቅሎ ኪራይና የአዳር ወጪ ግን ይጨምራል፤ ከፊሎቹ መንደሮች ላይ ግማሽ ቀን ወርዶ ግማሽ ቀን መውጣት አለ፤ በአሁኑ ሁኔታ የማይገባባቸውም አሉ፤ እነሱን ከመዝገብ ሲያወጣ ያወጣቸውን በስማቸው መጻፍ አለበት።

እኔ ብሆን አርባውን እመርጣለሁ፣ ወጪውንም ከመጠይቁ ርዝመት እቆርጠዋለሁ። ከስድስት ገጽ ሁለት ገጽ ይበቃል። ከዚያ በፊት አንድ ደጋና አንድ ቆላ መንደር ላይ ሠላሳ ሰው ጠይቄ ወረቀቱን እቀድደዋለሁ፤ ከዚያ ሠላሳ የምፈልገው የትኛው ጥያቄ መላሹን እንዳሳቀው፣ የትኛው እንዳስፈራው፣ የትኛው “እሷን ጠይቃት” እንዳሰኘው ነው። “ወርሃዊ ገቢ” ወጥቶ በቦታው ሦስት ይገባሉ፤ ባለፈው በጋ ምን ሸጡ፣ ለመብራት ባለፈው ገበያ ምን ገዙ፣ የገዛው ማን ነው። የትምህርት ሳጥኑ ላይም የአብነት ትምህርት ለብቻው ይገባል፤ ዳዊት፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ መጻሕፍት ተብሎ ተከፍሎ፣ “ያስመሰከሩ እንደሆነ የት?” ከሚል ባዶ መስመር ጋር።